ስለ ፑድል ክልሶች፦ የትውልድ ቁጥር የፀጉር ዋስትና አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ ስለ ቤት እንስሳት ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ ፑድል ከሚባለው ከርዳዳ ፀጉር ያለው የውሻ ዝርያ የተዳቀሉ ውሾችን የሚመለከት አንድ አንቀጽ አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። አንቀጹ «ኤፍ 1 ቢ» የሚባለው ትውልድ ፀጉሩ የማይረግፍ፣ አለርጂ ላለበት ሰውም ያለ ጥርጥር የሚስማማ እንደሆነ ቁርጥ አድርጎ ይናገራል። ጸሐፊው ይህን ያሰፈሩት በቅን ልቦና እንደሆነ አምናለሁ፤ በቡችላ ሽያጭ ማስታወቂያዎች ላይ ሁሉ የሚነበበው ይኸው ነውና። ነገር ግን እኔ ለበርካታ ዓመታት የእነዚህን ውሾች ፀጉር በማበጠርና በመሸለት የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ፣ ይህ አባባል በእንስሳቱም በባለቤቶቻቸውም ላይ የሚያስከትለውን ጣጣ በየሳምንቱ በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አየዋለሁ። ስለዚህ የትውልድ ቁጥሩ የሚነግረንን ከማይነግረን ለይቼ ለአንባቢዎቻችሁ ላስረዳ ዘንድ ቦታ እንድትሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

«ኤፍ» የሚለው ምልክት ልጅነትን ከሚገልጽ የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ዊልያም ቤትሰን በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ስለ ዘር ውርስ የተመራመረውን የሜንዴልን የአተር ምርምር ለዓለም ሲያስተዋውቅ በሥራ ላይ ያዋለው አጻጻፍ ነው። ምልክቱ ስለ ዘር ሐረግ ብቻ እንጂ ስለ ጥራት፣ ስለ መልክ ወይም ስለ ጠባይ የሚናገረው ነገር የለም። ንጹሕ ፑድል ከንጹሕ ላብራዶር ወይም ከንጹሕ ጎልደን ሪትሪቨር ጋር ሲዳቀል የሚወለዱት ቡችሎች ኤፍ 1 ይባላሉ፤ የእያንዳንዳቸው ዘር እኩሌታው ከአንዱ፣ እኩሌታው ከሌላው ነው። ኤፍ 1 የሆነ ውሻ ተመልሶ ከፑድል ጋር ሲዳቀል የሚወለደው ኤፍ 1 ቢ ነው፤ «ቢ» የምትለዋ ፊደል ከሁለቱ መነሻ ዝርያዎች ወደ አንዱ ተመልሶ መዳቀልን ታመለክታለች። እንዲህ ያለው ቡችላ በአማካይ 75 በመቶ ፑድል ነው። ኤፍ 1 ቢ እንደገና ከፑድል ጋር ሲዳቀል 87.5 በመቶ ይደርስና ኤፍ 1 ቢ ቢ ይባላል። ሁለት ኤፍ 1 ውሾች እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ ደግሞ ኤፍ 2 ይወለዳል፤ ስሌቱም በአማካይ ወደ እኩሌታው ይመለሳል።

«በአማካይ» የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ትክክለኛ ግማሽ በግማሽ ነው ሊባል የሚችለው ኤፍ 1 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ትውልድ ሁሉ ክልሱ ወላጅ ለእያንዳንዱ ቡችላ የሚያወርሰው የራሱን ዘር ግማሽ ሲሆን፣ የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰው ግን እንደ ዕጣ ነው። በአንድ ሆድ ተኝተው ከወጡ ስምንት የኤፍ 1 ቢ ወንድማማቾች አንዱ ከ75 በመቶው ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል እንጂ ሁሉም በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። በዚህ ላይ ስያሜው ራሱ ወጥ አይደለም። ዋና ዋናዎቹ የውሻ ዝርያ መዝጋቢ ማኅበራት እነዚህን ክልሶች እንደ ዝርያ ስለማይመዘግቧቸው፣ አዳቃዮች ቃሉን እንደየልማዳቸው ይጠቀሙበታል፤ «ኤፍ 2 ቢ» ሲባል ለአንዱ ኤፍ 1 ከኤፍ 1 ቢ ጋር ተዳቅሎ የተወለደ ነው፣ ለሌላው ደግሞ ኤፍ 2 ከፑድል ጋር ተዳቅሎ የተወለደ ነው። ሁለቱ በፑድል ድርሻቸው እኩል አይደሉም። «ቢ» የምትለዋም ፊደል ብትሆን መመለሱን እንጂ ወደ ማን እንደተመለሰ አትናገርም፤ ወደ ላብራዶር የተመለሰ ኤፍ 1 ቢም ኤፍ 1 ቢ ነው፣ የዚያ ቡችላ ፀጉር ግን ገዢው ከጠበቀው ጋር ላይገናኝ ይችላል።

አሁን ወደ ፀጉሩ ልግባ፤ የነገሩ ሁሉ ውል እዚህ ላይ ነውና። የፑድል ፀጉር አንድ ባሕርይ ሳይሆን የሦስት ባሕርያት ድምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከ80 ዝርያዎች የተውጣጡ ከ1,000 በላይ ውሾችን መርምሮ «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በውሾች ላይ የምናየው ይህ ሁሉ የፀጉር ዓይነት በአብዛኛው ከሦስት ዘረመሎች መቀያየር እንደሚመነጭ አሳይቷል። አር ኤስ ፒ ኦ 2 የተባለው ዘረመል ሪዝ፣ ጺምና ቁጥቋጦ የመሰለ ቅንድብ ያበቅላል፤ ኤፍ ጂ ኤፍ 5 የፀጉሩን ርዝመት ይወስናል፤ ኬ አር ቲ 71 ደግሞ ፀጉሩ ሉጫ ወይም ጥቅልል እንዲሆን ያደርጋል። እያንዳንዱ ቡችላ ከእያንዳንዱ ዘረመል ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ።

ሦስቱ ግን በአንድ ሕግ አይሠሩም። ጺሙን የሚያበቅለው ዘረመል አንድ ቅጂ ብቻ ከተገኘ በውሻው ፊት ላይ ይገለጣል። ረጅም ፀጉር ግን ሁለት ቅጂ ይፈልጋል፤ ከሁለት አንዱ የአጭር ፀጉር ቅጂ ከሆነ አጭሩ ያይላል። የጥቅልሉ ነገር በመካከል የሚውል ነው፦ አንድ ቅጂ ፀጉሩን እንደ ሞገድ ያደርገዋል፣ ሁለት ቅጂ ሲሆን ደግሞ ክርድድ ይላል። ፑድል በተለምዶ ሦስቱንም በድርብ ይዞ የሚገኝ ውሻ ነው፤ ጺማም፣ ባለ ረጅም ፀጉርና ከርዳዳ። ላብራዶር በሦስቱም በተቃራኒው ይቆማል፤ ፊቱ ልሙጥ፣ ፀጉሩ አጭርና ሉጫ ነው። ጎልደን ሪትሪቨርም ፊቱ ልሙጥ ነው፣ ፀጉሩ ግን ረጅም ነው።

ከዚህ በመነሣት አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። የላብራዶርና የፑድል ኤፍ 1 ከእያንዳንዱ ዘረመል አንድ የፑድል፣ አንድ የላብራዶር ቅጂ ይዞ ይወለዳል። ስለዚህ ጺም ይኖረዋል፤ ፀጉሩ ግን እንደ ፑድል አይረዝምም፣ እንደ ፑድልም አይጠቀለልም፤ ብዙ ጊዜ ሻከር ያለ፣ መካከለኛ ርዝመት ያለው ሞገዳማ ፀጉር ይሆናል። የጎልደንና የፑድል ኤፍ 1 ግን ከሁለቱም ወላጆቹ የረጅም ፀጉር ቅጂ ስለሚወርስ፣ ገና ከመጀመሪያው ትውልድ ረዘም ያለና የለሰለሰ ፀጉር አለው። ሁለቱም «ኤፍ 1» ይባላሉ፤ በእጅ ሲዳሰሱ ግን አንድ አይደሉም።

ጋዜጣችሁ ወደ ጠቀሰው ኤፍ 1 ቢ እንምጣ። ኤፍ 1 ላብራዱድል (የላብራዶርና የፑድል ክልስ) ከፑድል ጋር ሲዳቀል ቡችሎቹ ሁሉ ቢያንስ አንድ የጺም ቅጂ ስለሚያገኙ ሁሉም ጺማም መሆናቸው እርግጥ ነው፤ ጺም የሌለው ክልስ ፀጉሩ ስለሚረግፍ በዚህ ረገድ ጽሑፉ መሠረት አለው። ነገር ግን ከእነርሱ ግማሾቹ የአጭር ፀጉር ቅጂ ይዘው ይቀራሉ፤ ግማሾቹ ከርዳዳ ሳይሆኑ ሞገዳማ ይሆናሉ፤ ግማሾቹም የጺሙን ቅጂ በድርብ ሳይሆን በነጠላ ይይዛሉ። ሦስቱ ዘረመሎች በተለያዩ ክሮሞሶሞች (ዘረመሎችን በተሸከሙ ክሮች) ላይ ስላሉ አንዱ ሌላውን ጎትቶ አይሄድም። ስለዚህ ሦስቱንም እንደ ፑድል በድርብ ይዞ የሚወለደው ኤፍ 1 ቢ ላብራዱድል በአማካይ ከ8 ቡችሎች 1 ብቻ ነው። ለጎልደንዱድል፣ ማለትም ለጎልደንና ለፑድል ክልስ፣ የርዝመቱ ጉዳይ አስቀድሞ ያለቀ ስለሆነ ስሌቱ ከ4 ቡችሎች ወደ 1 ይሻሻላል። «75 በመቶ ፑድል» የሚለውን ቁጥር «75 በመቶ የፑድል ፀጉር» ብሎ ማንበብ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በኤፍ 2 ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ይራራቃል። ሁለቱም ወላጆች አንድ አንድ የጺም ቅጂ ብቻ ስላላቸው፣ በአማካይ ከ4 ቡችሎች 1 ምንም የጺም ቅጂ ሳይደርሰው ይወለዳል፤ ፊቱ እንደ ላብራዶር ወይም እንደ ጎልደን ልሙጥ ይሆናል፣ ፀጉሩም ይረግፋል። ይኸው ዕድል ሁለት ነጠላ ቅጂ ያላቸው ኤፍ 1 ቢ ውሾች በሚዳቀሉበትም ጊዜ አለ፤ «የብዙ ትውልድ» ተብለው በሚሸጡትም ላይ ሊደርስ ይችላል። የትውልድ ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር ፀጉር እየተስተካከለ ይሄዳል የሚለው እምነት ከዚህ እውነታ ጋር አይጣጣምም፤ የሚያስተካክለው ቁጥሩ ሳይሆን አዳቃዩ ወላጆቹን መርምሮ መምረጡ ነው።

ይህን በቁጥር ብቻ ሳይሆን በእጄ ዳስሼ አውቄዋለሁ። ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተወለዱ ሦስት የጎልደንና የፑድል ኤፍ 2 ወንድማማቾች በሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች እጅ አድገው፣ ባለቤቶቻቸው ተቀጣጥረው በአንድ ጠዋት አመጡልኝ። የመጀመሪያው አፍንጫው ግራና ቀኝ ልሙጥ፣ ጆሮው ላይ ብቻ ዘርዘር ያለ ፀጉር የነበረው ሲሆን፣ ጀርባውን አንድ ጊዜ በመዳፌ ስዳብሰው እጄ በወርቃማ ፀጉር ተሸፈነ። ሁለተኛው ጺሙ ደረቱ ድረስ የወረደ፣ ፀጉሩ ዞማ ሊባል የቀረበ፣ ጫፉ ላይ ብቻ የሚታጠፍ ነበር። ሦስተኛው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ከርዳዳ ሆኖ፣ ጣቴን ከፀጉሩ ውስጥ አስገብቼ ቆዳውን ለማግኘት መፈለግ ነበረብኝ። ሦስቱም ሲሸጡ የተሰጣቸው ወረቀት ቃል በቃል አንድ ነበር፤ «ፀጉሩ የማይረግፍ» ይላል። የመጀመሪያውን ውሻ የያዙት እናት ውሻውን የመረጡት ለልጃቸው አለርጂ ብለው እንደነበር ሲነግሩኝ፣ የልጁና የውሻው መዋደድ በፊታቸው ላይ ይነበብ ስለነበር መልስ ለመስጠት አፌ ተሳሰረ።

በእኛ ሙያ የእነዚህ ክልሶች ፀጉር በሦስት ይከፈላል። ሉጫው የአብዛኞቹን ሪትሪቨሮች ፀጉር የሚመስለውና የሚረግፈው ነው፤ ለመንከባከብ ግን ከሁሉም ይቀላል። ሞገዳማው ለስላሳና ዘርፋፋ ነው፤ ሰው ሁሉ በፎቶግራፍ አይቶ የሚወደው እርሱን ነው። ከርዳዳው የፑድል ዓይነት ሲሆን ከሦስቱም ያነሰ ይረግፋል፤ ካልተሸለተ ግን ማደጉን አያቆምም። ገዢዎች «አይረግፍም» ሲባሉ «ሥራ የለውም» ተብሎ የተነገራቸው ይመስላቸዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማንኛውም ፀጉር ዕድሜው ሲያልቅ ከሥሩ ይለቅቃል፤ በሉጫው ውሻ ላይ መሬት ይወድቃል፣ በሞገዳማውና በከርዳዳው ላይ ግን በሕይወት ባለው ፀጉር መካከል ተጠምዶ ይቀራል። ወለሉ ላይ ያላየነው ፀጉር ውሻው ላይ ነው ማለት ነው፤ በማበጠሪያ ካልወጣ ደግሞ ይጠላለፋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው የምንገምተው ከርዳዳው ሳይሆን ሞገዳማው ነው፤ በተለይ የቡችላነት ፀጉር በጎልማሳ ፀጉር በሚተካበት ጊዜ፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ በሳምንት አንድ ጊዜ ብሩሽ ነካ ሲያደርገው የሚበቃው ፀጉር በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቋጠራል። አንዲት የ10 ወር ኤፍ 1 ቢ ጎልደንዱድል አስታውሳለሁ። ስትገባ ከላይ እንደ ተባዘተ ጥጥ የተነፋች፣ ምንም እንከን የማይታይባት ነበረች። የብረት ማበጠሪያውን ከጎኗ ሳስገባ ከቆዳዋ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ፤ ቦታ ቀየርኩ፣ እዚያም ቆመ። ባለቤቷ «በየቀኑ እኮ ነው የምቦርሻት!» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር። ብሩሹ ግን የላይኛውን ፀጉር እያሳመረ ሲያልፍ፣ ሥሩ ላይ ያለው እየተደራረበ አንድ ወጥ ንጣፍ ሆኖ ነበር። ከቆዳዋ አስጠግቶ ከመሸለት በቀር ምርጫ አልነበረኝም። የተሸለተው ፀጉር ሳይበታተን እንደ ተገፈፈ ለምድ በአንድ ቁራጭ ወረደ፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ በብብቷና በጭኖቿ መካከል ቀልቶ፣ እርጥበት አቁሮ ነበር። ጆሮዋ ላይ የነበረውን ቋጠሮ ሳነሣላት ራሷን ደጋግማ ታራግፍ ጀመር፤ ይህ እኛ በጣም የምንፈራው ቅጽበት ነው፣ ቋጠሮ ሲጫነው የቆየ ጆሮ በድንገት ሲለቀቅና ውሻው ሲያራግፈው ደም ቋጥሮ ሊያብጥ ይችላልና። እግዚአብሔር ይመስገን እርሷ ተረፈች። ባለቤቷ ግን ዕንባቸውን መቆጣጠር አልቻሉም፤ ሲገዟት ማንም ማበጠሪያ የሚባል ነገር አንሥቶላቸው አያውቅም ነበር።

እንዲህ ያለውን ስቃይ የሚያስቀረው ሥራ ከባድ አይደለም፤ ዘዴውን ማወቅ ብቻ ይጠይቃል። ፀጉሩን በእጅ ከፍሎ ቆዳው እንደ ቀጭን መስመር ሲታይ፣ ከዚያ መስመር ጀምሮ ከሥር ወደ ጫፍ ማበጠር፣ ከዚያ ቀጣዩን መስመር መክፈት ነው። የብረት ማበጠሪያ ከቆዳ እስከ ጫፍ ሳይደናቀፍ ካለፈ ፀጉሩ ተበጥሯል፤ ካላለፈ፣ ብሩሹ ምንም ያህል ቢያሳምረው አልተበጠረም። ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ የአንገት ማሠሪያው የሚያርፍበት ቦታና በእግር ጣቶች መካከል ቀድመው የሚቋጠሩ ስለሆኑ ከእነርሱ መጀመር ይበጃል። የተጠላለፈን ፀጉር ሳያበጥሩ ማጠብ ደግሞ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ውኃ ሲነካውና ሲደርቅ ቋጠሮው ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ከዚህ በተጨማሪ ከርዳዳውና ሞገዳማው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ አንድ ጊዜ መቆረጥ አለባቸው፤ ዓይናቸው እንዳይሸፈን፣ ፀጉር የበዛበት ዘልዛላ ጆሯቸውም እርጥበት ይዞ እንዳይቆስል መታየት አለበት። ቡችላውን ገና በ8 ሳምንቱ ማበጠሪያ እንዲለምድ ማድረግ በኋላ የሚገጥመውን ትግል ሁሉ ያስቀራል።

ስለ አለርጂው ጠንከር ብዬ እንድናገር ይፈቀድልኝ፤ የሰው ጤና ጉዳይ ነውና። የውሻ አለርጂ የሚነሣው ከፀጉሩ ሳይሆን በምራቅ፣ በቆዳ ፎረፎርና በሽንት ውስጥ ከሚገኙ ፕሮቲኖች ነው፤ ከእነርሱ ዋነኛው «ካን ኤፍ 1» ይባላል፤ ስሙ ቢመሳሰልም ከትውልድ ቁጥሩ ጋር ግንኙነት የለውም። ይህን ፕሮቲን የማያመነጭ የውሻ ዝርያ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የወጣ ጥናት «ለአለርጂ የሚስማሙ» የተባሉ ውሾች ያሉባቸውን ቤቶች ሌሎች ውሾች ካሉባቸው ቤቶች ጋር አነጻጽሮ፣ በቤት ውስጥ በሚገኘው የፕሮቲኑ መጠን ላይ ልዩነት አላገኘም። በዓመቱ በኔዘርላንድስ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ላብራዱድልና ፑድልን ጨምሮ እንዲህ በተባሉት ውሾች ፀጉር ላይ የፕሮቲኑ መጠን እንዲያውም ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። አንዳንድ ሰው ከአንድ የተወሰነ ውሻ ጋር ያለ ችግር ይኖራል፤ ይህ እውነት ነው፤ ግን የዚያ ሰውና የዚያ ውሻ ነገር ነው እንጂ በትውልድ ቁጥር የሚወሰን አይደለም።

የላብራዱድል ታሪክ ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአውስትራሊያ የዓይነ ስውራን መሪ ውሾችን ያራባ የነበረው ዋሊ ኮንሮን፣ በሐዋይ ለምትኖር፣ ባሏ የውሻ አለርጂ ላለበት ዓይነ ስውር ሴት የሚስማማ መሪ ውሻ ለማግኘት ፑድልን ከላብራዶር ጋር አዳቀለ። ሦስት ቡችሎች ተወለዱ፤ የፀጉራቸውና የምራቃቸው ናሙና ለባልየው ሲላክ አለርጂውን ያልቀሰቀሰበት «ሱልጣን» የተባለው አንዱ ብቻ ነበር። ሦስቱም በዛሬው አጠራር ኤፍ 1 ናቸው፤ ሦስቱም የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ኮንሮን የተረዳው ናሙና ልኮ አንድ በአንድ አስፈትሾ ነው። ዛሬ የላብራዱድልን ስም የወረሱት ማስታወቂያዎች ግን ያንን ፍተሻ ትተው ቁጥሩን ብቻ ይዘዋል። እርሱም በኋለኛ ዕድሜው በሥራው ውጤት መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል።

ክልስ ሁሉ ጤነኛ ነው ስለሚባለው ጥቂት ልበል። ሁለት ዝርያዎች የሚጋሩት ሕመም በመዳቀል አይጠፋም። ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ አንድ በዘር የሚተላለፍ የሬቲና በሽታ በፑድልም በላብራዶርም በኮከር ስፓኒየልም ውስጥ ስላለ፣ ሁለቱም ወላጆች በድብቅ ከያዙት ልጃቸው ላይ ሊወጣ ይችላል፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግርም እንዲሁ የጋራ ነው። በእንግሊዝ የሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሮያል ቬተርናሪ ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት ኮካፑ (የኮከር ስፓኒየልና የፑድል ክልስ)፣ ላብራዱድልና ካቫፑን (የካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየልና የፑድል ክልስ) ከወላጅ ዝርያዎቻቸው ጋር አነጻጽሮ በአብዛኞቹ ሕመሞች ልዩነት አላገኘም፤ አልተሻሉም፣ አልከፉምም።

እንግዲህ ቡችላ ለመውሰድ የተዘጋጀ ሰው ምን ይጠይቅ? የትውልድ ቁጥሩን ይጠይቅ፤ ግን በዚያ አያብቃ። የሁለቱም ወላጆች የፀጉር ዘረመል መመርመሩን ይጠይቅ፤ ምርመራው ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና የሚሠራ፣ እንስሳውን የማይጎዳ ነው። ሁለቱም ወላጆች የጺሙን ቅጂ በድርብ ከያዙ ልሙጥ ፊት ያለው ቡችላ አይወለድም፤ ይህ እስከ ዛሬ ካነበብኩት የማስታወቂያ ቃል ሁሉ የሚበልጥ ማረጋገጫ ነው። ምርመራ ከሌለ ቡችላውን በ8ኛው ሳምንት ብርሃን ላይ አድርጎ የአፍንጫውን ጀርባ ይመልከት፤ እዚያ ያለው ፀጉር አጭርና የተኛ ከሆነ ውሻው ጺም አያወጣም፣ ፀጉሩም መርገፉ አይቀርም። ከተመሳሳይ ወላጆች ቀደም ብለው የተወለዱ፣ ዓመት ያለፋቸው ወንድሞቹና እኅቶቹ ካሉ ሄዶ በእጁ ይዳስሳቸው፤ የቡችላነት ፎቶግራፍ ስለ ጎልማሳ ፀጉር የሚነግረው እጅግ ጥቂት ነው። አለርጂ ያለበት ሰው በቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ውል ከመፈጸሙ በፊት ሰውዬው ከዚያው ቡችላ ጋር ደጋግሞ ሰዓታት ያሳልፍ፤ ሐኪሙንም ያማክር። ፊቱ ልሙጥ የሆነውን ቡችላ ማንም እንዳይንቀው እለምናለሁ፤ መርገፉን አውቆ ለሚወስደው ሰው ለማበጠር ቀላል፣ ለመኖር ደስ የሚል ውሻ ነው። በደል የሚሆነው መርገፉ ሳይሆን አይረግፍም ተብሎ መሸጡ ነው፤ እንዲህ ተሸጠው ወደ ቤት የገቡ ውሾች በዓመታቸው ሌላ ቤት ሲፈለግላቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

ክቡር አዘጋጅ፤ በሚቀጥለው እትማችሁ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር በሚከተለው ብትተኩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው፦ «ኤፍ 1 ቢ ማለት ከፑድል ጋር ተመልሶ ሲዳቀል በአማካይ ሦስት አራተኛ የፑድል ዘር ያለው ክልስ ማለት ነው፤ የፀጉሩን ዓይነት ለማወቅ የወላጆቹን የፀጉር ዘረመል ምርመራ ውጤት ይጠይቁ፤ የማይረግፍ ከሆነ ደግሞ በየጊዜው ከቆዳው ጀምሮ መበጠር እንዳለበት አስቀድመው ይወቁ።»

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
የውሻ ፀጉር አስተካካይ የሆንኩ የዘወትር አንባቢያችሁ